ቢጫው መተንፈሻ

ወባ ሚስቱን ዴልፊናን ከነጠቀችው ወዲህ ዜፋኒያስ አንድም ቀን አላለቀሰም። በሞዛምቢክ ባሕር ዳርቻ ያለችው የቶፎ መንደር ሰው ይህን ታዝቦ ብዙ አወራ። አንዳንዱ ልቡ ድንጋይ ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ ወሽሞ ይሆናላ ብሎ ጨመረበት። ሐሜተኛ ምን ይሳነዋል! እውነቱ ግን ሰውየው ምንም አይሰማውም ነበር። እህቱ የካሳቫ ቅጠል በኮኮናት ወተት ሠርታ ስታቀርብለት ይበላል፤ ጨው ይኑረው አይኑረው ግን አያውቅም። ሰው ሲስቅ ይስቃል። ሲመሽ ባዶ ቤቱ ገብቶ ይጋደማል።

እንጀራው ባሕር ውስጥ ነው። የአየር ጋን በጀርባው አዝሎ፣ እንግዶችን አስከትሎ እየጠለቀ ትልልቆቹን ዓሦች ያሳያል። ጀልባውን የሚነዳው ቶሜ አብሮ አደጉ ነው፤ አፈ ጮሌ፣ ነገረኛ። ያን ቀን ጠዋት ጀልባውን ወደ ማዕበሉ እየገፉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንኩት? ኧረ እባክህ ስደበኝ!» ሲለው ዜፋኒያስ ፈገግ አለ። ለቶሜ ብሎ ነው እንጂ ሳቁስ አልመጣም።

ከእንግዶቹ መሐል ከዋና ከተማው ከማፑቶ የመጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ሰው በአክብሮት ዶና ኤርሚኒያ ይላቸዋል። ገና ለባሕሩ አዲስ ናቸውና ዜፋኒያስ ከጎኑ አላራቃቸውም። ታች ከወረዱ በኋላ አየር እንዴት ነው ብሎ በእጁ ጠየቃቸው። ጣታቸውን አጋጥመው ደህና ነኝ አሉት። የአየር መለኪያቸውን ማየት የእሱ ሥራ ነበር፤ አላየም። እሳቸው ግን መርፌው ቀዩ ላይ መድረሱን አይተዋል። በእኔ ምክንያት የሰው ደስታ አይቋረጥ ብለው ነው የደበቁት። አይ ይሉኝታ! ውኃ ሥር ድረስ ይከተላል?

ወዲያው አየሩ አለቀ። ሁሉም ጠላቂ አንዱን መተንፈሻ አፉ ውስጥ፣ ተጠባባቂውን ቢጫ ደግሞ ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚወርደው። የጓደኛ አየር ካለቀ ቢጫውን ይሰጡታል። የጨነቀው ሰው ግን ቢጫ ከቀይ አይለይም። ዶና ኤርሚኒያ እየተወራጩ መጥተው ከዜፋኒያስ አፍ ላይ መተንፈሻውን መንጭቀው ወሰዱ። ዜፋኒያስም አልታገላቸውም፤ ይህን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። የቀረው እጁን ሰዶ ቢጫውን ማንሣት ብቻ ነበር።

እጁን አልሰደደም።

ፍርሃት አልነበረውም። ኀዘንም አልነበረውም። ቢጫው ደረቱ ላይ ሲወዛወዝ ዝም ብሎ አየው፤ የሌላ ሰው ዕቃ መሰለው።

ዶና ኤርሚኒያ ግን ትንፋሻቸው እንደተመለሰ አዩት። አፉ ባዶ ነው። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ቢጫውን ከደረቱ ላይ ነቅለው አፉ ውስጥ ወተፉትና አየር የሚለቀውን ቁልፍ ተጫኑት። አየሩ ጉሮሮው ድረስ ገባ። አሳለው፣ ዋጠ፣ ተነፈሰ። ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀስ እያሉ ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ላይ ሲደርሱ እንዲንሳፈፉ በአፉ እየነፋ የመጥለቂያ ጃኬታቸውን በአየር ሞላላቸው።

«ቢጫው እምቢ አለህ?» አሉት።

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆንክ ልጄ?»

«እንጃ፣ ዶና። እጅህን አንሣ የሚለኝ ነገር አልመጣም።»

አልተቆጡትም። ጀልባው እስኪደርስ ድረስ ግን የጃኬቱን ማሰሪያ ጨብጠው አልለቅም አሉ።

ቶሜ ጎትቶ ካወጣቸው በኋላ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀ። ዶና ኤርሚኒያ አየሬ አለቀብኝና የእሱን ሰጠኝ ብለው ነገሩን ሊዘጉለት ሞከሩ። ዜፋኒያስም ቢፈልግ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እጁን ግን ወደ ደረቱ ሰደደና ቢጫውን ያዘው። ያን ጊዜ ፈራ። ከዴልፊና ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ፍርሃቱ ነበር።

«ቶሜ።»

«አቤት።»

«ታች መተንፈሱን ትቼው ነበር። እሳቸው ናቸው በግድ ያጎረሱኝ። ዛሬ ብቻዬን እንዳታሳድረኝ።»

ቶሜ ሞተሩን አጠፋ። መጥቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«እኔ ጋ ነህ» አለው። «ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ጀልባዋ ሞተሯ እንደጠፋ ማዕበሉ ላይ ቆየች። ከእንግዶቹ አንድ ሰው እንኳ እንሂድ አላለም።