ካርማና የወንድም ጋሼ ወንበሮች

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታላቅ ወንድሜ ትርጉሙን ሳይጠይቁ የሚያሳልፉት ቃል አልነበረም። እዚህ ባህር ማዶ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታቸው የሆኑትን ህንዳዊ ሽማግሌ አንድ ቀን፣ "ልጆቹ ካርማ ካርማ የሚሉት ምንድን ነው?" ብለው ያዟቸው። ሰውዬው የሳንስክሪት ስም ነው፣ "ማድረግ" ከሚለው የወጣ ነው፣ ክፉም ይሁን ደግ ሥራ ማለት ነው አሉን። በቋንቋቸው ቃሉ ወንዴም ሴቴም እንዳልሆነ ሲነግሩን ወንድም ጋሼ፣ "ታዲያ አንተ ነው አንቺ የምንለው?" ብለው ሳቁ።

ለቅሷቸው ላይ ግን አንዲት ዘመዳችን አፏን በንፍሮ ሞልታ፣ "ሰው በጥያቄ ሲያሳፍሩ ኖሩ፤ ሕመማቸው ካርማ ነው" ስትል ሰማሁ።

"ትርጉሙን ታውቂዋለሽ?" አልኳት እንደ እሳቸው።

"ኦኬ ጋሼ፣ ያው ፔይባክ፣ የእጅን ማግኘት ነዋ።"

"ሥራ ማለት ነው። የእሳቸው ሥራ ለለቅሶ ቤት ሁሉ በቫን መኪናቸው ወንበር ማድረስ ነበር። እናትሽ ያረፈች ጊዜ የተቀመጥሽበትንም ያመጡት እሳቸው ናቸው።"

ይህን ሁሉ የተነጋገርነው ቆመን ነው። ለእሳቸው ለቅሶ ወንበር ማምጣት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።