ገጠር ናት ወይስ ከተማ?

ኖርማ ሰውየውን በቅጡ አታውቀውም። ጠዋት ጠዋት ሚልዱራ ውስጥ የምትነዳው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ከጀርባዋ ይቀመጣል። የብየዳ ፍንጣሪ የበሳሳው ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በገጠር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ለሚሰጠው ቪዛ አመልክቶ መልስ እንደሚጠብቅ አንዴ ነግሯታል።

ዛሬ፣ «ሚልዱራችን እኮ ትልቅ ከተማ ሆነች» ብላ ስትኩራራበት ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ከተማ? መንግሥት ነው ያለው?»

«ኧረ እኛ ነን! ለቪዛው ገጠር ናት፣ የኔ ወንድም።»

«ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ፣ እትዬ?»

ተወልዳ ያደገችበት አገር ሆኖ እሷም ግራ ገባት። ቤቶቹ አልቀው የወይኑ ማሳ ሲጀምር ግን ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ቪዛው ሲወጣልህ ከቤተሰብህ ማንን ልታመጣ ነው?» አለችው።

«ወራጅ አለ» አላት። የሚሠራበት ጋራዥ ገና ሩቅ ነበር።