በኒሙ ሥር የፈጠርናቸው መንገደኞች

ባለፈው እሑድ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ምንጣፍ ላይ ወረቀት ዘርግታ ለአዲስ ጨዋታ ሰው ስትፈጥር አገኘኋት፤ የሰውየውን ስም፣ አገርና ሙያ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ እርሳሷን እየነከሰች «አባዬ፣ ምን ይፍራ?» አለችኝ። እኔ ግን መልሱን ትቼ ሳላስበው በሐሳቤ ያደግኩባት የድንበር ከተማ መተማ ዮሐንስ ገብቼ ነበር።

ጥቅምት ነው፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን የሚያንጣጣበት፣ የሰሊጥ ሽታ ከመኪናዎቹ ናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ከአቧራው በላይ የሚንሳፈፍበት ወር። እኛ የሰፈር ልጆች ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ገመድ ወጥረን «ኬላ» እንጫወታለን። አለቃችን እናቷ ድንበሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሐዋ ነበረች፤ ሕጓም አንድ ነው፤ ማንም ራሱን ሆኖ ገመዱን አያልፍም። ስም፣ አገር፣ ሸክምና ፍርሃት ያለው መንገደኛ ፈጥሮ መምጣት አለበት። እኔ ዘወትር የግመል ነጋዴ ነበርኩ፤ ግመሌ የጎረቤት ፍየል በመሆኗ ግን እየጮኸች ታጋልጠኛለች።

ዘሐራ አትጫወትም ነበር። ከወሎ መጥታ ሰፈራችን ስትገባ አነጋገሯን እየደገምኩ ሁሉን ያሳቅሁባት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። አባቷ እንድሪስ ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሽንፋ እርሻ ላይ በወባ መሞቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንድ ቀን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ እንደዋለ ሰው ጎንበስ ብላ መጣች።

«ስም!» አለች ሐዋ።

«እንድሪስ።»

«ምን ይዘሃል?»

«ለልጄ ጫማ።»

«ምን ትፈራለህ?»

ዘሐራ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ በዚያው በሳቅሁበት አነጋገር፣ «እስክደርስ አድጋ ጫማው እንዳይጠባት» አለች።

ሐዋ ገመዱን እስከ መሬት አወረደችው። «ይለፉ፣ አባባ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ልጅዎ እየጠበቀችዎት ነው።»

እኔ ከኒሙ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። በማግስቱ ዘሐራን እንደ እሷ ሰው መፍጠር እንድታስተምረኝ ስለምናት፣ «አንተማ መጀመሪያ ከፍየሏ ጋር ተማከር» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በገመዱ ያላለፈ የሰው ዓይነት አልነበረም፤ ድልድይ የሚፈራ ሾፌር፣ ጨለማ የምትፈራ አዋላጅ፣ የጎጃም መነኩሴ፣ ሁሉም በየአነጋገሩ።

ዛሬ ኒሙ ተቆርጦ ቦታው መጋዘን ሆኗል። ዘሐራ እዚያው አቅራቢያ ኮኪት ከተማ ታስተምራለች። ሐዋ ከእናቷ ጋር ሱዳን ተሻግራ ስለነበር፣ እዚያ ጦርነቱ ሲነሳ ድምጿ ጠፋብን፤ እኔም በልቤ ቀብሬያት ነበር። በዚህ ዓመት ግን ከማላውቀው ቁጥር ደወለች። የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። አማርኛዋ ተሰባብሯል፣ የእኔ አረብኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ የምንፈልገው ቃል ግማሹ የለም። ቢሆንም ስልኩ እስኪግል ድረስ አወራን።