የተዋናይዋ እህ ባይ

ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው መንፈቅ የንግግር መምህራችን አንድ ሰው መርጠን፣ ስለ ሥራው ጠይቀን፣ ክፍል ፊት ቆመን እንድናቀርብ አዘዘን። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበርና ከአክስቴ በቀር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። አክስቴ ማታ ማታ አየር ማረፊያው አጠገብ ሲታክ ካለ ሆቴል ትሠራለች፤ ቀን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ማውንትሌክ ቴራስ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ትረዳለች። ሴትዮዋ ተዋናይ ናቸው።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለችኝ። «ጨዋታ ይወዳሉ። ብቻ ሻይሽን ሳትጨርሺ እንዳትነሺ፤ ይቀየማሉ።»

ሴትዮዋ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። በወጣትነታቸው በእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች ከሚዞር የቴአትር ቡድን ጋር ሠርተዋል። ማታ የሳምንቱን ቴአትር ይጫወታሉ፤ ቀን የሚቀጥለውን ሳምንት ያጠናሉ። ከዚያ የለንደን መድረክ መጣ፣ ከዚያም ቴሌቪዥን። በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ለብዙ ዓመታት ቁጡ የሆስፒታል ዋና ነርስ ሆነው ተጫወቱ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ሕመሙን ይነግራቸው ነበር።

«አንድ ሥጋ ሻጭ ሱሪውን ሰብስቦ የእግሩን ቁስል አሳየኝ» አሉኝ።

«ምን አሉት?»

«ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት። ቅር አለው።»

አንድ ቀን የድራማው ደራሲዎች ነርሷን ወደ አውስትራሊያ ላኳት፤ እሳቸውም ይህን ያወቁት እንደ ማንኛውም ሳምንት የተላከላቸውን ጽሑፍ ሲያነቡ ነው። ከዚያ በኋላ የረባ ሥራ አልመጣም። ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለው ልጃቸው ወደዚህ አመጣቸው። ከድራማው አንዱን ክፍል በካሴት አሳዩኝ። እስከ መጨረሻው አዩትና «ቀሚሱ ይጠበኝ ነበር» ብቻ አሉ።

በዚያ መጸው፣ መሀል ከተማ ያለ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ሥራ ሰጥቷቸው ነበር። የሚጫወቷት ሴት ቤቷን ልትሸጥ የተሰናዳች እናት ናት፤ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ቤቱ ረጅም ንግግር ታደርጋለች። ለሴትዮዋ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። «አውስትራሊያ ሄጄ መቅረት አልፈልግም» አሉኝ።

ንግግሩን የሚያጠኑት አክስቴ ፊት ነው። እሷ ልብስ ታጥፋለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። እኔ ጽሑፉን ይዤ እከታተል ነበር፤ አንድ ቃል አይስቱም።

አንድ ማታ አክስቴ ሺፍት ስለነበራት ወደ ልምምድ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጀመሩ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቆሙ። ከመድረኩ ጎን ጽሑፉን ይዛ የምትከታተለው ቃል አስታዋሽ ቃሉን አቀበለቻቸው። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ሄዱና ደግመው ቆሙ። የቴአትሩ አዘጋጅ ትሑት ሰው ነው፤ ማንም በማይሰማበት ወስዶ አነጋገራቸው። ታክሲ ውስጥ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፦ የመክፈቻው ቀን እስኪደርስ ካልተስተካከለ ተጠባባቂዋ ተዋናይ ትገባለች።

«ቤት ውስጥ አንድ ቃል አይጠፋኝም» አሉ መስኮቱን እያዩ። «አይተሻል አይደል?»

በማግሥቱ ቤት እንደገና ሲያጠኑ ጽሑፉን ትቼ ሰዎቹን ማየት ጀመርኩ። ሴትዮዋ አንድ ሐሳብ ሲጨርሱ አክስቴ አንገቷን ሳታቀና፣ ትንፋሿን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «እህ» ትላለች። ሴትዮዋም ይቀጥላሉ። እንደገና «እህ»፤ እንደገና ይቀጥላሉ። እኛ ሰው ሲያወራ እንዲህ ነው የምንሰማው፤ በሕይወቴ ልብ ብዬው አላውቅም። ሴትዮዋ ያንን ንግግር ያጠኑት ከነ«እህ»ው ነበር። ቴአትር ቤት ውስጥ ደግሞ እህ የሚል የለም።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ አክስቴ ዞሩ። «መጀመሪያ ሰሞን አስም ያለባት መስሎኝ ነበር» አሉ። «በኋላ መስማቱን ተውኩት።»

አክስቴ ተቆጣች፤ በእኔ ነው የተቆጣችው፣ በአማርኛ። «እና ምን ላድርግ? ትልቅ ሰው ሲናገር እንደ ግድግዳ ተገትሬ ልይ? እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ?»

«አክስቴ፣ ሥራቸው እኮ ሊቀር ነው።»

«ታዲያ እኔን አስወጪኝና አንቺ ስሚያቸው!»

ሴትዮዋ የምንባባለውን እንድተረጉምላቸው ጠየቁ። ከሰሙ በኋላ «ትቀመጥ፤ ግን ዝም ትበል» አሉ። «ዝም ብሎ የሚያየኝ ሰው ነው የምፈልገው። ቴአትር ተመልካች እንዲያ ነው።»

ዝም ማለት ግን ለአክስቴ ከባድ ሆነ። እጇን አፏ ላይ ብታደርግም በአፍንጫዋ ይወጣል። በመጨረሻ ራሷ መላ አመጣች፦ ኩሽና ገብታ አንድ ጉንጭ ውሃ ይዛ መጣችና ፊታቸው ተቀመጠች። ሴትዮዋ ጀመሩ። «እህ» የሚባልበት ቦታ ሲደርስ አክስቴ ውሃውን ዋጠችው፤ ሴትዮዋም ቃሉ ጠፋባቸው።

«ይኸው!» አለች አክስቴ። «ኦኬ፣ አሁን የማን ጥፋት ነው?»

ሴትዮዋ ሳቁ። «ሙዪና ተመለሺ» አሏት።

ያንን ሳምንት እንዲሁ ሰነበቱ፤ አክስቴ ጉንጯን ነፍታ፣ እሳቸው እየተናገሩ። መሻሻል ነበረ፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ሳይቆሙ የሄዱበት ጊዜ አልነበረም። ንግግሩ መሀል ላይ፣ እናቲቱ ስለ መወጣጫው ደረጃ ጨርሳ ስለ ሟች ባሏ ልትጀምር ስትል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይያዛሉ። እንዲያም ሆኖ አዘጋጁ መክፈቻውን ፈቀደላቸው። «ዛሬን እንይ» ነው ያለው።

በመክፈቻው ምሽት አክስቴ ሺፍቷን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተቀያይራ አብራኝ መጣች። የተሰጠን ቦታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ ነበር። የመጨረሻው ትዕይንት ሲጀምርና ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ ጠርሙሱን አውጥታ አንድ ጉንጭ ያዘች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ አየት አደረጋት።

ንግግሩ በጥሩ ሄደ። የወጥ ቤቱ መስኮት፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ደረጃው። እዚያ ላይ ቆሙ።

ጽሑፉን በልቤ አውቀው ስለነበር የሚቀጥለው ቃል አፌ ላይ ነበር። ከመጋረጃው ጎን የቆመችው ቃል አስታዋሽ ወረቀቷን ከፍ ስታደርግ አየኋት። አክስቴ አይኖቿ ፈጥጠው፣ ጉንጮቿ ተነፍተው፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። አልዋጠችም።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ መድረክ ላይ ቀና አሉና፣ ትንፋሻቸውን በአጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ» አሉ። ልክ እንደ አክስቴ። ከዚያ ስለ ባልየው ቀጠሉ፤ ንግግሩን ሳይቆሙ ጨረሱ።

ጭብጨባው ሲጀመር አክስቴ ውሃውን ዋጠች።

በመውጫው ላይ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ያቺ ትንፋሽ! የሞተ ባሏን ያየች አልመሰለችሽም?» ስትል ሰማሁ። አክስቴ አልሰማችምና ነገርኳት። «ባል አይደለም» አለች ካፖርቷን እየቆለፈች።

ሴትዮዋ ከልብስ መቀየሪያው ሲወጡ አዘጋጁ ከኋላቸው ነበር። ያችን ትንፋሽ እንዳይተዉዋት፣ በየምሽቱ እዚያው ቦታ ላይ እንዲያደርጓት እየለመናቸው ነው። እሺ አሉት። ከዚያ አክስቴን ትከሻዋን ይዘው «ጉንጭሽ ከመድረክ ይታየኝ ነበር» አሏት።

«ታዲያ ለምን ቆሙ፣ እማማ?» አለች አክስቴ።

«እየጠበቅኩሽ» አሉ። «እንደማትመልሺልኝ ሳውቅ ለራሴ መለስኩ።»

ተጠባባቂዋ ተዋናይ ቴአትሩ እስኪያልቅ ድረስ አልገባችም። አክስቴ ሥራ በሌላት ማታ ሁሉ እየሄደች ታየው ነበር፤ ጠርሙሱን ግን ከዚያ በኋላ አልያዘችም።