የልጄ ዱካ በረዶ ላይ

የምሠራበት ሬስቶራንት ጓዳ ያለውን ትልቁን ፍሪዘር ስከፍት ቅዝቃዜው ፊቴን ይመታኛል። በረዶ ሽታ የለውም ይላሉ፤ እኔን ግን ይሸተኛል፣ እንደ ታጠበ ብረት። እዚያው በሩን ይዤ እቆማለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ፣ "ዝጊው እንጂ፣ ሊቀልጥ ነው" ትለኛለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ከልጄ ጋር የወጣሁበት ተራራ ላይ ነኝ።

ልጄ ያን ዓመት ሃይስኩል ልትጨርስ ነበር። ዊንተሩን ሙሉ በረዶ የሚጥልበት ሩቅ ስቴት ያለ ኮሌጅ ተቀበላት። እኔ አይሆንም አልኩ። በረዶ አታውቂም፣ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል አልኳት። ብዙ አልተከራከረችም።

"ማሚ፣ አንድ ቀን በረዶ ላይ አብረሽኝ ሂጂ። ከዚያም በኋላ እምቢ ካልሽ እቀራለሁ፣ ፕሮሚስ።"

የገና ጾም ነበር፣ ቀኑም ዓርብ። ታክሲ የሚነዱት ጎረቤታችን ጋሼ በረዶ ወዳለበት ተራራ ሊወስዱን መጡ። በከረጢት ልብስ ይዤ ስወጣ አይተው፣ "እህቴ፣ አይተን ልንመለስ ነው ወይስ ልጅቷን እዚያ ልንድራት?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግማሹ ነው" አለች ልጄ። "ሌላው እላዬ ላይ ነው።"

እውነቷን ነበር። ሦስት ሹራብ አልብሻታለሁ፣ ካልሲዋ ላይ ፌስታል ጠቅልዬላታለሁ፣ ጠዋትም በደንብ አብልቻታለሁ።

ጋሼ ተራራው ላይ መኪናውን አቁመው፣ "እኔ እዚሁ ሂተሩ ጋ ሆኜ እጸልይላችኋለሁ" ብለው ቀሩ። እኛ የተራራውን ጀርባ ይዘን ሄድን። በረዶው ከእግራችን ሥር ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ይንኮሻኮሻል። ፀሐዩ ከላይም ከታችም ያበራል፤ ከተማችን ሩቅ ታች ጭጋግ ውስጥ ተኝታለች። እጅጌዋን አልለቀቅኩም። ጢሙ የሸበተ ሰውዬ በትር ይዞ አለፈን።

"ብቻውን ነው እንዴ? ሰው የለውም?" አልኩ።

"ማሚ፣ ሰባ ዓመት ይሆነዋል።"

"ቢሆንስ?"

በሳቅ ፈረሰች። አሁንም ያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ አለ።

መንገዱ እየጠበበ፣ ግራና ቀኙ ቁልቁለት ሆነ። እዚያ ላይ ዓይኔ ጨለመና በረዶው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ አልጮኸችም። ተንበርክካ ጫማዬን በእጇ ዳሰሰችው። ለሥራ የማደርገው ነው፣ ሶሉ አልቆ ልሙጥ ሆኗል።

"ቁርስ በልተሻል?"

"ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ተራራ ልትወጪ?"

"አንቺን አብልቼ የለ?"

ሳቅ ሞከራት፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሹራቧን አንዱን አውልቃ አለበሰችኝ። ከከረጢቱ ወፍራም ካልሲ አውጥታ በጫማዬ ላይ አጠለቀችልኝ፤ እንዳያንሸራትትሽ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው አለችኝ። ከዚያ ጁስ ከፍታ ሰጠችኝ። "ጠጪ። እግዚአብሔር ያውቃል።" ጠጣሁ። ገና ስድስት ሰዓት ነበር።

"በይ፣ ስንመለስ እኔ የረገጥኩት ላይ ብቻ ርገጪ።"

ፊት ፊት ሄደች። እግሬን ዱካዋ ውስጥ ሳገባው ሰፋኝ። ጫማዋን ሁሉ የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ እግሯ ከእግሬ የበለጠበትን ቀን ግን አላየሁትም። በየጥቂቱ ዞር እያለች፣ "እዚህ ጋ ቀስ በይ፣ ወደ ዳር አትሂጂ" ትለኛለች። አነጋገሯ ቁርጥ የኔ ነበር።

መኪናው ውስጥ ስለ ኮሌጁ አልጠየቀችኝም። ክንዴን አቅፋ ትከሻዬ ላይ ተኛች፤ ጸጉሯ ብርድ ብርድ ይሸት ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ እንዳትነቃ ድምፄን ቀንሼ፣ "ጋሼ፣ ነሐሴ ላይ ኤርፖርት ያደርሱናል?" አልኳቸው።

በመስታወቱ አዩኝና ሬዲዮውን ዘጉት። ልጄ ዓይኗን አልገለጠችም። ክንዴን የያዘው እጇ ግን ጠበቅ አለ።