የዶክተሩ የመጨረሻ ቅስቀሳ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ላይ ነው። የዶክተሩን የደም ግፊት የምለካበት ሰዓት ስለነበር አልረሳውም። ማሰሪያውን ክንዳቸው ላይ ጠምጥሜ መንፋት ስጀምር ስልካቸው ጠራ። ሌላ ጊዜ እስክጨርስ ይታገሡኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን የደዋዩን ስም እንዳዩ ማሰሪያውን በሌላው እጃቸው ፈልቅቀው አወለቁትና ስልኩን አነሱ።

በቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ አወሩ። አንድም ቃል አልገባኝም። ድምፃቸው እየወፈረ ሲሄድ፣ ጀርባቸውም ከወንበሩ እየተላቀቀ ሲመጣ ግን አያለሁ። ደስታም ቢሆን ለእሳቸው ልብ እንደማይበጅ ስለማውቅ መቀመጥ አቃተኝ።

ዶክተሩ ሕንዳዊ ናቸው። መጀመሪያ ሐኪም ነበሩ፤ ከዚያ ፖለቲካ ውስጥ ገቡና የክልላቸው የጤና ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ልባቸው ሲደክም፣ እዚህ ሮም በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጃቸው አመጣቻቸው። ከፒያሳ ቪቶሪዮ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እኔን የቀጠረችኝ አገር ቤት በነርስነት መመረቄን ሰምታ ነው፤ ደግሞም አባቷ በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ሠርተው ያውቃሉ። ከዚያ ዘመን የቀራቸው አማርኛ በሙሉ የምርመራ ትእዛዝ ነው። ጠዋት ሲያዩኝ በደህና አደርሽ ፋንታ «በረዥሙ ተንፍሺ!» ይሉኛል። ምግቡ ከጣማቸው «ምላስሽን አውጪ!» ይሉና ይስቃሉ። የቀረውን በእንግሊዝኛ እንግባባለን።

ስልኩን ዘግተው ዞሩ። «ለምርጫው የቀረበው እጩ ራሱን አገለለ» አሉኝ። «ምዝገባው አርብ ይዘጋል። እኔን ነው የሚፈልጉት። ትኬት ቆርጠውልኛል። ነገ ከቀትር በፊት እበራለሁ።»

«ሲኞራ ያውቃሉ?» ልጃቸውን የምጠራት እንደዚያ ነው።

«ሲኞራ ጄኔቭ ናት። ነገ ማታ ነው የምትመለሰው።» ፈገግ አሉ። «ስለዚህ እዚህ ቤት ያለው መራጭ ሕዝብ አንድ ነው። አንቺ።»

የልብ ሐኪማቸው አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ሲከለክሏቸው አጠገባቸው ነበርኩ። በሰማይ ላይ ልባቸው ቢቆም ማንም ሊያተርፋቸው እንደማይችል ነው የነገሯቸው። ልጃቸውም ስትሄድ «ከአደባባዩ መናፈሻ እንዳታሳልፊው» ብላኛለች። እሳቸው ግን ያለ እኔ መውጣት አይችሉም። ሻንጣው ቁምሳጥን ላይ ነው፤ ታክሲ የሚጠራላቸው እኔ ነኝ፤ እግራቸው ስለሚያብጥ ጫማ የማደርግላቸውም እኔ ነኝ።

«እሺ» አላልኩም። «እንቢ» ለማለትም አፌ አልተላቀቀም።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ግድግዳውን እየተደገፉ ወጥ ቤት ገቡና ራሳቸው ሻይ አፍልተው አመጡልኝ። በዚያ ቤት እኔ ተቀምጬ እሳቸው ሲያስተናግዱ የመጀመሪያው ቀን ነው። «ቅስቀሳ በአዳራሽ አይጀመርም» አሉ። «ሰው ቤት ገብተሽ፣ ሻዩ ቢመርም ጠጥተሽ ነው የምትጀምሪው። እኔ የምቀሰቅሰው ግን የራሴን ሻይ አጠጥቼ ነው፤ ምን ይደረግ።»

ከዚያ ሕይወታቸውን ነገሩኝ። አባታቸው ወንዝ የሚያሻግሩ ጀልባ ቀዛፊ ነበሩ። ማዶ ሰው ሲታመም ሐኪሙን ይዘው ይሻገራሉ፤ ብዙ ጊዜ ሲደርሱ ለቅሶ ተጀምሮ ያገኙታል። ዶክተሩ ሐኪም የሆኑት በዚያ የተነሳ ነው። ከኢትዮጵያ ሲመለሱ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ክሊኒክ ከፈቱ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ አላመኗቸውም። «አብጠሃል፣ ልብህ ነው ስለው፣ አይ፣ ቆሜ ስለዋልኩ ነው ይለኛል። እኔም መከራከር ተውኩ። ራስህ ቅልጥምህን ተጫን እለዋለሁ። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቀራል። ሰው ሐኪሙን ባያምን ጣቱን ያምናል።»

ጎርፍ የመጣ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የተፈናቀለ ሰው ሲያክሙ ከረሙ። ውሃው ሲጎድል ሰዎች መጥተው ተወዳደርልን አሏቸው።

«መንገድ ቢሠራ ሰው ሳይሞት ይደርሳል ብዬ ገባሁ።»

«ተሠራ?»

«ተሠራ። ከዚያ በመንገዱ መኪና መጣ፤ የመኪና አደጋ ደግሞ አብሮ መጣ።» ትንሽ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ተነስቼ ጀርባቸውን ያዝኩ፤ እጄን ገፍተው ቀጠሉ። «ሆስፒታል ቃል ገባሁ። የመሠረት ድንጋዩን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። በየምርጫው አንድ አንድ።»

ሳላስበው ሳቅሁ። «እኛም ከተማ እንደዚህ ያለ ድንጋይ አለ። ልጆች ቅልልቦሽ ይጫወቱበታል።»

«የእኔ ላይ ፍየል ይተኛበታል» አሉ። አልሳቁም። «በመጨረሻ ሕንፃው ቆመ። ጣሪያ አለው፣ አልጋ አለው። ሐኪም የለውም። አንድ የምርጫ ዘመን ስጪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እውነታቸውን ይሁን ወይም የለመዱትን ንግግር ይሁን መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ይመስለኛል። ሲኒዎቹን ላነሳ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ገፋ አድርጌ፣ ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ አብራኝ ቤት ለተከራየችው የአዲስ አበባ ልጅ ደወልኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ምኑ ነው ያስጨነቀሽ?» አለችኝ። «ለሴትዮዋ ደውይና ተገላግለሽ ተኚ። ኮንትራትሽ ላይ የፈረመችው እሷ ናት፣ እሳቸው አይደሉም።»

«እሳቸው ሳያውቁ እንዴት እደውላለሁ? እምነት ጥለውብኝ ነው የነገሩኝ።»

«ኧረ በማርያም! ፔርሜሶሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ሊታደስ ገብቶ ባለበት ሰዓት የምን እምነት ነው? ሥራ ፈትተሽ ብትገኚ ማን ሊያድስልሽ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አንቺ እኮ ሌላ ሰው ያዘዘውን ምግብ በስህተት ሲያመጡልሽ አመስግነሽ የምትበዪ ሴት ነሽ። ዛሬ ከሚኒስትር ጋር መከራከር አማረሽ?»

አልተቀየምኳትም፤ እውነቷን ነው። ልጃቸው ሁልጊዜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ቀሪውን ጊዜ እያሰላሁ ሳሎን ተመለስኩ።

ዶክተሩ ከአልጋቸው ስር ጥቁሩን የቆዳ ጫማ በከዘራ ስበው አውጥተው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ለወራት ያደረጉት ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር።

«ሲኞራ ከጠየቁኝ አልዋሽም» አልኳቸው። ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ተለማምጄዋለሁ።

«ማን ዋሺ አለሽ? እኛ አንዋሽም። ያልተጠየቅነውን አንመልስም እንጂ። ይልቅ ይህን ሞክሪልኝ።»

ተንበረከክሁ። የጫማውን ማሰሪያ እስከ ታች ፈታሁት፤ ምላሱን ወደ ውጭ ገለበጥሁት። የእግራቸው ጣቶች ገቡ፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። እሳቸው ከላይ ይገፋሉ፣ እኔ ተረከዙን እስባለሁ። ሁለታችንም ማላብ ጀመርን። «ግፊ!» ይሉኛል፣ ምጥ የያዛትን ሴት እንደሚያዙ። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲሄድ ሰማሁና እጄን አነሳሁ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስኪ ቅልጥምዎን ይጫኑት።»

«ምን?»

«እርስዎ ራስዎ ይጫኑት።»

ዓይናቸው ተቆጣ። ወደ ጫማው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ አጎንብሰው አውራ ጣታቸውን ከጉልበታቸው በታች፣ አጥንቱ ላይ ተጫኑ። ጣታቸውን ሲያነሱ ጉድጓዱ ቀረ። ሁለታችንም እያየነው ጠበቅን። ከታች በመንገድ ትራም አለፈ። ጉድጓዱ አልሞላም።

«ቆሜ ስለዋልኩ ነው» አሉ።

«ዛሬ ሙሉ ቀን ተቀምጠው ነው የዋሉት።»

«አንቺ እዚህ አገር ነርስ አይደለሽም!» ብለው ጮኹ። «ሳህን አጣቢ ነሽ።»

ጫማውን አውልቄ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ልጃቸው ናት። እፊታቸው አነሳሁት። ወደ ሌላ ክፍል መሄድ አልፈለግሁም፤ የምለውን እንዲሰሙ ፈለግሁ።

«እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

«ነገ ሊሄዱ ነው ሲኞራ። ለምርጫው ጠርተዋቸዋል። ትኬት አላቸው። እግራቸው ጫማ አልገባ ብሏል፤ ትንፋሻቸውም ጥሩ አይደለም።»

ስልኩን እንድሰጣቸው ነገረችኝ። ብዙ ተጨቃጨቁ። እሳቸው አልፎ አልፎ እየጮኹ፣ አልፎ አልፎ እየለመኑ። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ ድምፅዋ ደርቋል።

«ቀድሜ ልመጣ አልችልም። በሩን ቆልፊና ቁልፉን አንቺ ጋ አድርጊው።»

እንደዚያ እንደምትለኝ አልጠበቅሁም። «ሲኞራ፣ ሻንጣ አላወርድም፤ ታክሲም አልጠራም» አልኳት። «ሰው ላይ ግን በር አልቆልፍም።»

«ከሄደ እዚያ ቤት ሥራ የለሽም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

ዶክተሩ ያን ማታ እራት አልበሉም። መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ከመዝጋታቸው በፊት «በነጠላ ጫማም ቢሆን እሄዳለሁ» አሉኝ። ልጃቸው ስትጓዝ እዚያው ስለማድር፣ ሳሎኑ ሶፋ ላይ ልብሴን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። የውጭው በር አልተቆለፈም። ጥሩ የሠራሁ መስሎ አልተሰማኝም። እግዚአብሔር ሆይ፣ መውሰድ ካሰብክ ራስህ ውሰዳቸው እንጂ በእኔ እጅ አታድርገው ብዬ ጸለይኩ፤ ብዙም የሚያኮራ ጸሎት አልነበረም።

ጠዋት ስነቃ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ረዥም ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ ጸጉራቸውን አበጥረዋል። መድኃኒታቸውን በገበያ ፌስታል አድርገው ከጎናቸው አስቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። ቅልጥማቸው ላይ አንድ ሳይሆን ብዙ ጉድጓድ አየሁ።

«እግሬን ከፍ አድርጌ ነው ያደርኩት» አሉ ሳያዩኝ። «መቀነስ ነበረበት።»

«አልቀነሰም።»

«አልቀነሰም።» ሱሪያቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች መለሱ። «ይህ እግር ያለው ሰው እኔ ክሊኒክ ቢመጣ ወደ ጀልባው አልመልሰውም ነበር። መንገድ ላይ ከሞትኩ ደግሞ አርብ የሚያስመዘግቡት ሰው የላቸውም።»

አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«አሁን ጸሐፊዬ ይደውላል» አሉ። «እኔ ካነሳሁት እመጣለሁ ነው የምለው። በእኛ ሙያ ሰው እንቢ አይልም፤ እናያለን ነው የሚለው። እናያለን ካልኩት ደግሞ እስከ አርብ ይጠብቀኛል። አንቺ አንሺው።»

«እኔ?»

«አይመጣም በዪው።»

ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ማውራት ያስፈራኛል። የሐኪም ቀጠሮ እንኳ ለመያዝ የምለውን አስቀድሜ በልቤ ደጋግሜ ነው የምደውለው። ስልኩ ሲጠራ ግን የምለማመድበት ጊዜ አልነበረም። አንስቼ ድምፁ እንዲሰማቸው ከፍ አደረግሁት።

«ዶክተር ሰር! ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወጡ?» አለ ሰውየው በደስታ፣ በቋንቋቸው ይናገር ይሆናል ብዬ ስፈራ፣ በእንግሊዝኛ።

«ዶክተሩ አይመጡም» አልኩ።

«ማን ነሽ?»

«የማስታምማቸው ነርስ ነኝ። ልባቸው በረራ አይችልም። ሌላ ሰው አስመዝግቡ።»

«እህቴ፣ አንቺ አታውቂም። እዚህ ሕዝቡ ከበሮ ይዞ ሊቀበላቸው ተዘጋጅቷል። ስልኩን ስጪያቸው። አጠገብሽ ናቸው?»

ዶክተሩ እጃቸውን አወዛወዙ፤ የለም በዪው ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ አጠገቤ ናቸው» አልኩት። «እየሰሙህ ነው። ግን አይመጡም።»

ሰውየው በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ። ዶክተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አዳመጡት። ሰው ሲናገር ማቋረጥ ስለማይሆንልኝ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሲጨርስ «አይመጡም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።