ለሳውናው ግድግዳ የተነገረ ምስጋና

ታውኖ ኪቪራንታ ክፉ ሰው አልነበረም። ማንም ቸኩሎ እንዳይፈርድበት ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሴይናዮኪ ከተማ አጠገብ ባለ የበርና መስኮት ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ ከሰባት ዓመት ወዲህ ደግሞ የንድፍ ክፍሉ አለቃ ነው። ሥራውን የሚያውቅን ሰው አለመነካካት ትልቁ አክብሮት ነው ብሎ ያምናል። አባቱም እንዲሁ ነበሩ፤ አገሩም እንዲሁ ነው። ንድፉ ስሕተት ካለው በእርሳስ ያከብበታል፤ ከሌለው ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ መልሶ ያስቀምጥና ይሄዳል። በቃ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የታውኖ ዝምታ ግን ነቀዘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሰዎች ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩን አሉ። ከዚያ በኅዳር አንድ ሐሙስ፣ ሰው ሁሉ የተለመደውን የሐሙስ የአተር ሾርባ ሊበላ ወደ ምግብ ቤቱ ሲወርድ፣ ራይሊ የሥራ መልቀቂያዋን ሰጠችው። ራይሊ ማለት እኮ የክፍሉ ምሰሶ ናት! ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ደብዳቤዋ ሁለት መስመር ነበር፦ አንድ ወር ሠርታ ትሄዳለች። ታውኖ አንብቦ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የፋብሪካው ዳይሬክተር ወሬው ደርሷት ጠራችው።

«አሠልጣኝ እናምጣልህ።»

«አሠልጣኝ? በዚህ ዕድሜዬ የበረዶ ሸርተቴ ልወዳደር ነው እንዴ?»

«የአለቆች አሠልጣኝ! ሄልቪ ትባላለች። በየሳምንቱ ተገናኛት፤ የምታወሩትን እኔም አልሰማ።»

ሄልቪ አጭር፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናት። «የአንተን ሥራ አላውቅም» አለችው ገና ሲቀመጥ፤ «ምክርም አልሰጥህም። እኔ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ምን እንዲለወጥልህ ትፈልጋለህ?» ብላ ዝም አለች። ይህ ዝምታ መሣሪያዋ ነው፤ ሌላው አለቃ ሲጨንቀው በሆዱ ያለውን ይዘረግፍላታል። ታውኖን በዝምታ? ዓሣን በውኃ ማስፈራራት በሉት! ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ አሉ። እሱማ እንዲያውም ደስ አለው፤ ጨዋ ሴት ናት ብሎ አሰበ።

«እሺ፣ አሸነፍከኝ!» አለች በመጨረሻ እየሳቀች። «ተነሥ፣ እየተራመድን እናውራ።»

በወንዙ ዳር በረዶውን እየረገጡ ሄዱ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ታውኖ ተናገረ።

«ራይሊ እንዳትሄድብኝ።»

«ሥራዋ እንዴት ነው?»

«ከእሷ የተሻለ አላየሁም። አንድ የበር ማጠፊያ ነደፈች፣ እንዲህ ያለ ማጠፊያ... የንድፉን ቅጂ በፍሬም አድርጌ፣ በእንፋሎት የምታጠብበት ሳውናዬ መልበሻ ክፍል ሰቅዬዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ራይሊ ይህን ታውቃለች?»

«ጥሩ ሠራተኛ መሆኗንማ ሁሉም ያውቃል።»

«ለእሷ ማን ነገራት?»

ታውኖ ድልድዩን ተሻገረ፤ ሌላ መቶ እርምጃ ሄደ። «ማንም» አለ።

ሄልቪ አልተቆጣችም፣ አላስተማረችም። እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚሞክራትን አንዲት ትንሽ ነገር ራሱ እንዲመርጥ ብቻ ጠየቀችው። በቀን አንድ ሠራተኛ ዘንድ ሄዶ «የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» ሊል ወሰነ። የመጀመሪያው ሰው ሊያባርረው የመጣ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ! ሁለተኛዋ ግን አንዱን ልኬት ለሁለት ዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ስትጽፍ እንደኖረች ነገረችው። ሳምንት ሳይሞላ ተስተካከለላት። ከዚያ ወዲያ ሰዎቹ ራሳቸው ይጠሩት ጀመር። ራይሊ ዘንድ ሲደርስ ግን ጠረጴዛዋን ዞሮ ያልፋል።

«ራይሊስ?» አለች ሄልቪ በሦስተኛው ሳምንት።

«ፈራሁ።»

«ምን ትለኛለች ብለህ?»

«እሄዳለሁ ትለኛለች።»

«አሁንስ ምን እያለችህ ነው?»

ታውኖ ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ዳሰሰ።

በማግሥቱ ፍሬሙን ከሳውናው አውርዶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ራይሊ መሳቢያዋን ማራገፍ ጀምራ ነበር። ፎጣውን ገለጠችው። ወረቀቱ በእንፋሎት ቢጫ ሆኗል፤ ጥግ ላይ ያለው ፊርማዋ ግን አልጠፋም።

«ይሄ የኔ ማጠፊያ ነው። የት ነበር?»

«ሳውናዬ ውስጥ። ከሠራሽው ጊዜ ጀምሮ። በየቅዳሜው ልታጠብ ስገባ አየዋለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላየሁም፣ ራይሊ።»

ፊቷ ቀላ።

«አንተ ሰውዬ! ያን ቀን ንድፉን ምንም ሳትለኝ ጠረጴዛዬ ላይ ጥለኸው ስትሄድ፣ እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ለግድግዳ ትነግራለህ፣ ለእኔ መንገር አቅቶህ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። አትሂጂብኝ።»

«መልቀቂያዬን ዛሬ አልሰርዝም። ነገ ና ጠይቀኝ።»

ታውኖ በሕይወቱ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቆ አያውቅም። በነጋታው መጥቶ ጠየቀ። «ነገ» አለችው። በሦስተኛው ቀን፣ ገና በሩን ሲከፍት፣ ራይሊ አጠገቧ አንድ ወንበር ስባ አስቀምጣለች።

«ተቀመጥ» አለችው፤ «መጀመሪያ ማጠፊያውን ለምን እንደወደድከው በደንብ ንገረኝ። ቀስ ብለህ። አልቸኩልም።»